ስድስት ዜሮና አንድ

ሌኦሽ የሚባል ልጅ፣ የቶርኖ ሠራተኛ፣
ለውጡን የላከልኝ ዓርብ ሌሊት ነው፣ ልተኛ
መብራት ሳጠፋ።
አንድ ሺህ አራት መቶ መስመር፣ ከነኮተቱ፤
እንግዳ ሆኖ መጥቶ ምሰሶ ነቀለ ከቤቱ።
የፋይል ስም ለውጧል፣ ቅንፍ አዟዙሯል፣
የሾጣጣን ስሌት ከሥር ቆፍሯል፤
ከሁሉ በታች ደግሞ አንዲት እሮሮ፦
«ክዳኔን ገጥሜ ‹ክፍት ነው› ይለኛል፣ ይኸው ወር ተቆጥሮ።»

ጣቴ «አይሆንም» ልትል ፊደሎቹን ነካች።
ቀላል ቃል ናት፤ አምስት ፊደል፤ ስንቱን መለሰች!
እኔንም መልሳኛለች፤ ያኔ ከማዕድኑ መሥሪያ ቤት፣
የአሳንሰር ጥርስ ስነድፍ ከኖርኩበት፣
ወደዚህ ክፍት ኮድ እግሬን ሳነሣ፣
አንዱ «አይሆንም» አለኝ፤ ስሙ ጠፍቶኛል፣ ቃሉ ግን አይረሳ።
ስድስት ዓመት ዝር አላልኩም።

«ነገ ና» አልኩት፣ «ትራሙ ከሚያበቃበት ሻይ ቤት፤
ኮምፒውተርህን ያዝ፤ ለውጥህ ይቆይ ከቤት።»

ኦስትራቫ፣ ጥር። ከመስኮቱ ማዶ የከሰል ጥራጊ ኮረብታ
ሆዱ ዛሬም ይነዳል፤ ጠዋት የጣለ በረዶ አያገኘውም ማታ።
ሌኦሽ መጣ፤ ጥፍሩ ሥር ዘይት፣ ዐይኑ ቀና አይል።
«ምን ልጻፍ?» «ምንም አትጻፍ፤ መጀመሪያ ይነሣልህ፤ ቀስ በል።»

ኮዱ ይገነባ ጀመር፤
ማራገቢያው ጮኸ እንደ ጉድጓድ አየር መንፊያ፤
ሻያችን ቀዘቀዘ፤ ሌላ አዘዝን።
ሰማንያ ሦስት ከመቶ ላይ ቀጥ አለ።
«ሰበርኩት?» አለኝ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።
«አልሰበርክም። ሁሉንም እዚያ ነው የሚጥለው።»
«መመሪያው ላይ የለማ!»
«የለም። ሁላችን ወድቀን፣ ተነሥተን፣ ረሳነው፤
አንተ ገና አልረሳህም፤ እሱን ጻፈው።
የመጀመሪያ ሥራህ ያ ነው።»

ኋላ ሳጥኑን ከፈትን።
አጎላነው፣ አጎላነው፤ የክዳኑ ጠርዝና የሳጥኑ ጠርዙ፣
አንድ መስለው የቆዩት፣ ጎን ለጎን ተጓዙ።
«እዚህ ቤት» አልኩት፣ «ነጥብ ከነጥብ አይገናኝም፤
ኮምፒውተር ቁጥርን ቆርሶ ነው የሚይዝ፣ ሙሉውን አያገኝም።
ስለዚህ ቻይ ቁጥር አለን፤ ከነጥቡ ወዲህ
ስድስት ዜሮና አንድ። የተራራቁት ከዚህ
ካነሰ፣ አንድ ናቸው ብለን እንፈርዳለን።»

ልጁ መሃረቡን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ።
«ብረት ጠዋት ጠዋት በብርድ ይኮማተራል፤
እኛ ጋ ልክ የሚሰጠው እንደ ሥራው ነው፤
የበር ማጠፊያና የሰዓት ጥርስ በአንድ ዐይን አይታይም።
ይህን ቁጥር የቆረጠው ማን ነው?»

ማን ነው? ሃያ ሁለት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ
እጅ ነሥቼ እንጂ ጠይቄው አላውቅም።
የለውጡን መዝገብ ወደ ኋላ ገለጥን፣
ሰው በሰው፣ ዓመት በዓመት፣
እስከ ታች፣ እስከ ጭቃው። ከቁጥሩ ጎን
አንዲት ማስታወሻ፦
«ጊዜያዊ ነው። ነገ ይስተካከላል። ቦዤና።»

ቦዤና እኔ ነኝ።

እሱ አልሳቀም፤ ጨዋ ነው።
እኔ ግን ሻዩ በአፍንጫዬ እስኪወጣ።

አንድ ሺህ አራት መቶው ሦስት መስመር ሆኖ አለቀ፤
ሁለቱን ሌኦሽ ጻፈ፤ አንዱን እኔ አጠፋሁ፣ ያችኑ «ነገ»ዬን።
ክዳኑ ገጠመ።
ስሙን ከስሜ ሥር ሳሰፍር ፊደል ስቼ ኖሮ
ማታውኑ አርሞ ላከው፤ ያ ሁለተኛ ሥራው ተባለ ተቆጥሮ።

ሰኞ ማለዳ ከፖርቶ አሌግሬ አንዷ ጮኸች፦
«ትናንት የሚሠራው ማርሽ ዛሬ ተሰነጠቀብኝ!»
በእኛ ለውጥ ነው፤ ጥርጥር የለውም።
መልሴን ሳዘጋጅ ሌኦሽ ቀድሞኛል፣
ከፈረቃው መልስ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ ይመስለኛል፣
ቃላቱ እርስ በርስ ተጋጭተው፦
«ማርሹን ላኪልኝ። እስቲ አብረን እናጉላው።»

ግድፈቱን አላረምኩም።
ያ ስሙ የጠፋኝ ሰው ትዝ አለኝ፤
ስድስት ዓመት በእሱና በእኔ መካከል
ስንት ዜሮ ይሆን ነበር?
ከመስኮቱ ማዶ ይበርዳል፤
ኮረብታው ራቁቱን ነው፣ ይጨሳል።